ሁለት ክንፍ ያለው ቆዳ

ሰኞ ጠዋት ያንን ብልቃጥ ስከፍት ልቤ ምንም አልነገረኝም። «ልቤ ነግሮኝ ነበር» የሚሉ ሰዎች ያበሽቁኛል። የእኔ ልብ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያስበው ስለ ምሳ ነበር።

ሥራዬ የወንዝ ነፍሳትን መለየት ነው። ከድንጋይ ሥር፣ ከጭቃና ከበሰበሰ ቅጠል ውስጥ የተለቀመ ነገር ሁሉ አልኮል በተሞላ ብልቃጥ ይመጣልኛል፤ እኔ በማይክሮስኮፕ አይቼ ይኼ የዚህ ወገን ነው፣ ያኛው የዚያ ነው እላለሁ። ወገን የምንለው እርስ በርስ የሚቀራረቡ ዝርያዎች አንድ ላይ የሚጠሩበትን ስም ነው። ከሁሉም ራስ የሚያዞሩት የአንድ ቀን ዝንብ የምንላቸው ናቸው። እጭ ሆነው ውሃ ውስጥ ወራት ይቆያሉ፤ ክንፍ አውጥተው ሲወጡ ግን የሚበሉበት አፍ እንኳ የላቸውም፣ ተጋብተው እንቁላላቸውን ጥለው ያልቅላቸዋል።

ደግሞ ሌሎች ነፍሳት የሌላቸው አመል አላቸው። ክንፍ ካወጡ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ቆዳቸውን ይጥላሉ። መጀመሪያ ከውሃ የሚወጣው ክንፉ ድፍርስ፣ የክንፉ ጠርዝ ጸጉራም፣ ጭራው አጭር ነው፤ እኛ «ጎረምሳ» እንለዋለን። ከጥቂት ሰዓት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ያን ቆዳ ገፎ፣ ክንፉ ጥርት ብሎ፣ ጎልማሳ ይሆናል። ጎረምሳን ብቻ አይቶ ወገን መወሰን አይቻልም። ይህን የማያውቅ ሰው እኛ ላቦራቶሪ ጽዳት እንኳ አይቀጠርም።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ሰው «ዳኛው» ይባላሉ። ስማቸው አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ በነፍሳት ላይ ሲፈርዱ ስለኖሩ የወጣላቸው ነው። ፊት ለፊታቸው ግን ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ጊዜ በሦስት መቶ ብልቃጥ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ወሩ ተሳስቶ ነበርና ሦስቱንም መቶ በእጄ እንደገና አስጽፈውኛል፤ «ነፍሳቱ ሞታለች፣ የምትመሰክርላት ወረቀቷ ብቻ ናት» ብለው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ቀዶ ሕክምና እየጠበቁ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሆነው የአንድ ቀን ዝንቦች መለያ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ የመጨረሻው ረቂቅ ታርሞና ተፈርሞ አርብ እስከ እኩለ ቀን መመለስ አለበት። ዓይናቸው እኔ ነኝ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ወገኖች ሁሉ ራሳቸው ዳኛው ያገኟትና ስም ያወጡላት አንዲት ብቻ ናት። በሚስታቸው ስም ነው የጠሯት። እትዬ ደግሞ ይህን በሆዳቸው የሚይዙ ሴት አይደሉም። ሳሎናቸው ውስጥ ከሰርጋቸው ፎቶ አጠገብ የነፍሳቷ ሥዕል በመስታወት ተሰቅሏል። ባንክ ወረፋ ሲረዝምባቸው «እኔ እኮ የአንድ ቀን ዝንብ ነኝ፣ እስከ ነገ አልቆይላችሁም፣ ቶሎ አስተናግዱኝ» ይላሉ። ፋርማሲውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ጎረቤቱም ታሪኩን ያውቃል።

የእትዬ ወገን ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር አንድ ነው። ጎልማሳ ሆናም ክንፏ አይጠራም፣ የክንፏ ጸጉርም አይረግፍም። እጯ ግን በየወንዙ ከሞላው ከአንድ ተራ ወገን እጭ ጋር ቁርጥ አንድ ናት። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው አንዲት ብልቃጥ ናት። ውስጧ አንዲት ክንፍ ያወጣች ነፍሳት፣ የእጭነት ቆዳዋ፣ እና ሁለተኛው ቆዳ፣ ማለትም ጎረምሳነቷን እንደጨረሰች የሚያረጋግጠው ቆዳ አለ። ወረቀቷ ላይ «ሁለተኛ ቆዳዋን ጥላለች» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት፣ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ሆኜ የጻፍኩት ነው።

ሰኞ ዕለት ዳኛው ደውለው «የቆዳዋንም ፎቶ አንሺልኝ፣ መጽሐፉ ውስጥ ይግባ» አሉ። ቆዳው እስከዚያ ቀን ድረስ ብልቃጧ ሥር እንደ ፍርፋሪ ተጨማዶ የተቀመጠ ነገር ነበር። ዘርግቶ ያየው ሰው የለም፤ ማን ይዘርጋው፣ ወረቀቱ ተናግሯል። እኔ ጠብታ ግሊሰሪን አድርጌ በመርፌ ጫፍ ዘረጋሁት።

ሁለት ክንፍ ነበረው።

ነፍሳቷ አራት ክንፍ አላት። የኋለኞቹ ትንንሾች ናቸው፣ ግን አሉ። ቆዳው ላይ የኋለኞቹ ቦታ ለጥ ያለ ነው። አራት ክንፍ ያላት ነፍሳት ሁለት ክንፍ ያለው ቆዳ ልትጥል አትችልም፤ አራት እጅጌ ያለው ሸሚዝ ለብሶ ባለ ሁለት እጅጌ እንደ ማውለቅ ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። ማይክሮስኮፑን አጥፍቼ አብርቼ ቆጠርኩ። ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ ሌላ መቁጠር አላስፈለገኝም።

ምክንያቱም ያን ቆዳ ብልቃጧ ውስጥ ማን እንደጨመረው አውቃለሁ።

ያኔ በወንዙ ዳር በነበረው የመስክ ጎጆ እጮችን በየኩባያው እያሳደግን ነበር። ኩባያው በመረብ ይሸፈናል፣ የምትወጣበት እንጨት ይደረግላታል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ዳኛው ከተማ ወርደው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። እሷ በዋዜማው ክንፍ አውጥታ እንጨቷ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ የእህቴ ምርቃት አለብኝ፤ አውቶቡሱ በስድስት ሰዓት ይነሳል፣ ሌላ አውቶቡስ እስከ ሦስት ቀን የለም። አምስት ሰዓት ሆነ፣ አልጣለችም። አምስት ተኩል ሆነ፣ አልጣለችም። «ቆዳ የሌለው ብልቃጥ ሳጥኔ ውስጥ አይገባም» የሚለው የዳኛው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። አጠገቧ ካለው ኩባያ መረብ ላይ አንድ የተጣለ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ምናልባት እሷም ጥላ ቆዳዋ ውሃው ውስጥ ወድቆ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልኮል ውስጥ ከተትኳት፣ ያን ቆዳ ጨመርኩ፣ ወረቀቷን ጻፍኩ፣ ሮጥኩ። አውቶቡሱም ላይ ደረስኩ። ምርቃቱ ላይ የተነሳሁት ፎቶ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ፤ ጥርሴን አሳይቼ ስስቅ።

ማክሰኞ ወደ ዳኛው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው።

«መጣሽ? ፎቶዬን አነሳሽኝ?» አሉ ጉንጬን እየሳሙ። «አሳምረሽ አንሺኝ እንግዲህ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል።»

«አምራለች እትዬ» አልኩ።

ሻይ ሊያፈሉ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ከዳኛው ጎን ተቀመጥኩ። ረቂቁ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፣ መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር የመጣሁት፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ጋሼ፣ ቆዳው የሷ አይደለም» አልኩ በሹክሹክታ። «ሁለት ክንፍ ነው ያለው።»

ዳኛው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። የሚያዩት ጥላዬን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ያዩኝ መሰለኝና አቀረቀርኩ። ቁጣ ጠበቅኩ። እንዴት እዚያ ገባ ብለው እንዲጠይቁኝ ጠበቅኩ። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፤ እንዲህ እያልኩ ነው ራሴን የማጽናናው።

«ማን አየ?» አሉ።

«እኔ ብቻ።»

«ሌላ ሰው?»

«ማንም የለም ጋሼ።»

ከወጥ ቤት የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። እትዬ ያንጎራጉራሉ። ዳኛው ጥቂት ጊዜ ያን አዳመጡ።

«እንግዲያው ብልቃጡን ክደኚው» አሉ። «የቆዳው ፎቶ ይቅር። እንደ ነበረ ይታተም።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሦስት መቶ ወረቀት ያስጻፉኝ ሰው ናቸው እኮ! «ጋሼ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ስሚኝ ልጄ። አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ወንዝ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ልጆቻችንን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ጭቃ ጫማዬን ስታጥብ ነው የኖረችው። ለሷ የሰጠኋት ነገር ቢኖር ያቺ ስም ናት። ሌላ ምንም የለኝም። ምን ብዬ ነው የምቀማት?»

እትዬ ሻዩን ይዘው ገቡ። ሁለታችንም ስለ ዝናብ ማውራት ጀመርን። ዳኛው ስለ ዝናብ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ አይችሉበትም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ነገር ማካበድ አይወድም። «ሰውየው ተዪው ካሉሽ ምን ቀረሽ?» አለ ሳህኑን እያነሳ። «ደስ ሊልሽ ይገባል። ተፈታሽ እኮ።»

እውነቱን ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አልሆነልኝም። መጽሐፉ ይታተማል፤ ተማሪዎች ያንን ገጽ ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ፤ የሌለች ነፍሳት ሲፈልጉ ይከርማሉ። አንድ ቀን አንዱ ብልቃጧን ያስመጣል፣ ቆዳውን ይዘረጋል። ያን ጊዜ የሚስቁት በእኔ አይደለም፤ በዳኛው ነው፣ በእትዬ ስም ነው። ደግሞ አንዲት ሐሳብ እንደ ጉንዳን ሸሚዜ ውስጥ ገብታ አላስቀምጥ አለችኝ፦ ቆዳው የሌላ መሆኑ ነፍሳቷ ጎረምሳ ናት ማለት አይደለም። ምናልባት እኔ ከሄድኩ በኋላም ብትቆይ አትጥልም ነበር። ምናልባት እውነትም ክንፏ እስከ መጨረሻው ድፍርስ ነው። ስዋሽ እውነት ተናግሬ ቢሆንስ?

ይህን የሚያውቀው ወንዙ ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሥራ ቦታ «አሞኛል» ብዬ ወጣሁ፤ ያሁኑ ውሸት እንኳ ሙሉ ውሸት አልነበረም። ያንኑ ወንዝ፣ ያንኑ መታጠፊያ ወረድኩ። ጎጆው ጣሪያው ወልቆ ፍየል ገብቶበታል። እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ድንጋይ ስገለብጥ ዋልኩ። ከድንጋዮቹ ሥር የለቀምኳቸው እሷን የሚመስሉ እጮች አሥራ አንድ ነበሩ፤ የክንፍ ከረጢታቸው የጠቆረውን፣ ማለትም ለመውጣት የደረሱትን መርጬ አራት ያዝኩ። ሐሙስ ወደ ማታ ከአራቱ አንዷ ቤቴ መስኮት ላይ በተቀመጠው ኩባያ ውስጥ ወጣች። ክንፏ ድፍርስ፣ ጠርዙ ጸጉራም። ልክ እንደዚያች።

እንግዲህ ቆዳዋን ጥላ ክንፏ ከጠራ የእትዬ ወገን የለችም። ሳትጥል ከሞተች አለች ለማለት ቢያንስ መከራከሪያ ይኖረናል። ሌሊቱን አላወራውም። ጠዋት ስነሳ ያው እንጨቷ ላይ ነበረች፤ በሕይወት አለች፣ አልጣለችም። «በርቺ» አልኳት ጮክ ብዬ። ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ «እኔን ነው?» አለ።

እዚያው ቤቴ ሆኜ ማየት እችል ነበር። አይቼ ዝም ማለት፣ ወይም አይቼ መናገር፣ ሁለቱም በእጄ ነበር። ግን አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ያየሁትን ነገር ብቻዬን ስተረጉም የደረስኩበትን አይቻለሁ። ኩባያውን ጭኔ ላይ አቅፌ አውቶቡስ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው ካዩ በኋላ «መድኃኒት ነው?» አሉኝ። «አላውቅም እማማ» አልኳቸው። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ነፍሴ ወጥታ ትገባ ነበር።

ዳኛው ቤት ስደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ረቂቁን የሚወስደው የማተሚያ ቤቱ መኪና በስድስት ሰዓት ይመጣል። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ዳኛው በድምፁ አወቁት፤ የመረቡን ላስቲክ ስነካው የሚያሰማው ድምፅ ነው።

«ምን አመጣሽ?» አሉ።

«ከዚያው ወንዝ ነው ጋሼ። ትናንት ወደ ማታ ወጣች። እስካሁን አልጣለችም።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። መጀመሪያ የተቆጡ መሰለኝ። «ክደኚው አላልኩሽም?» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። ቀጥሎ ግን፣ ሳይፈልጉት፣ እጃቸው ወደ ኩባያው ሄደ፤ በጣታቸው ጫፍ ጠርዙን ነኩ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣችው?»

«አሥራ አንድ ከሩብ።»

«ዛሬ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ወዳለበት አድርጊያት» አሉ። ምን እየተመኙ እንደነበር ስለማውቅ ላያቸው አልቻልኩም። እኔም ያንኑ ነበር የምመኘው። መለየት ሥራቸው የሆነ ሁለት ሰዎች ተቀምጠን አንዲት ነፍሳት ምንም ሳታደርግ እንድትሞት እየለመንን ነበር።

እትዬ እጃቸውን እያደራረቁ መጡ። «ምንድን ነው እንዲህ እንደ ሐኪም ቤት ዝም ያላችሁት?» ኩባያውን አዩ። «ውይ! በሕይወት ያለች ናት? እኔ ነኝ?»

እሳቸው ደግሞ መልስ የሚጠብቁ ሴት አይደሉም። የባላቸውን አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አወጡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው አፍንጫቸውን መረቡ ላይ ደቀኑ። ዓይናቸው የሰባ ዓመት ሴት ዓይን አይመስልም፤ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ይከታሉ።

«እስከ ዛሬ ሥዕሌን ብቻ ነው ያየሁት እኮ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አምጥተህ አሳይተኸኝ አታውቅም አንተ ሰው!»

«አላገኘኋትም» አሉ ዳኛው። «በየዓመቱ ፈልጌአት አላገኘኋትም።»

ሦስት ተኩል ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይህን ያህል እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። እትዬ በመሀል ተነስተው ድስታቸውን አማስለው ይመለሳሉ፤ ዳኛው «አለች?» ይላሉ፤ እትዬ «አለች፣ የት ትሄዳለች» ይላሉ። እኔ ጥፍሬን ስበላ ነበር። አራት ከሃያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ትንሽ ቀለል አለኝ። ይህን ያህል ከቆየች ምናልባት፣ ምናልባት አትጥልም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

«ጀርባዋን ምን ነካው?» አሉ እትዬ።

ዳኛው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ምን ይታይሻል?»

«መሀሉ ላይ እየተሰነጠቀ ነው። ታማለች እንዴ?» እትዬ መነጽሩን ይበልጥ አስጠጉ። «አይ አይ፣ አልታመመችም። ከውስጥ ሌላ እየወጣ ነው። ኧረ ጉድ! ልብሷን እያወለቀች ነው! ራሷ ወጣ። ውይ ዓይኗ ሲያምር! አሁን የፊት እግሯን እየሳበች ነው፣ በጣም ነው የምትታገለው፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ...»

እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ማየት አላስፈለገኝም። ዳኛውም ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዷን ቃል ይሰሙ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እትዬ ግን በሕይወታቸው እንዲህ የተደሰቱበት ጠዋት ያለ አይመስልም፤ ጉንጫቸው እንደ ልጅ ቀልቷል።

«ክንፏን ከክንፉ ውስጥ መዘዘችው! ይኼ ደግሞ ምንም ድፍርስ አይደለም፣ ጥርት ያለ ነው፣ መስኮቱ በውስጡ ይታየኛል። ጭራዋም ረዘመ። አቤት፣ አቤት...» ቀና ብለው ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። «ሥዕሌ ላይ እንዲህ አይደለሁም እኮ። ከሥዕሉ አሁን ታምራለች! ለምን በዚህኛው አልሳላችሁኝም?»

እኔ ወደ ረቂቁ አቀረቀርኩ። የእትዬ ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ። ሞኝ አይደሉም፤ አርባ ዓመት ከዳኛው ጋር የኖረች ሴት ሞኝ ልትሆን አትችልም።

«አንተ» አሉ። «እኔ አይደለሁም እንዴ?»

አሁን ይዋሻሉ ብዬ አሰብኩ። እንዲዋሹም ፈለግሁ፤ አሁንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

«አይደለሽም» አሉ ዳኛው። «እንደዚያ የምትባል ወገን የለችም። ጎረምሳዋን ነው ጎልማሳ ናት ያልነው። ይቺ በየወንዙ ያለችው ተራዋ ናት፤ እጯ ከተራዋ እጭ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነው ለዚህ ነው። በየዓመቱ አናቴ ላይ ስትዞር ነበር። ተሳስቼ ነው።»

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳላዝዘው ወጣ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። የሌላ ቆዳ ጨምሬ ነው የሷ ነው ብዬ የጻፍኩት። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ።»

ዳኛው ወደ ድምፄ ዞሩ። ማክሰኞ ያልጠየቁኝን ጥያቄ መልስ አሁን ሰሙ።

እትዬ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔን አላዩኝም። በዚህ ቤት አስራ ስድስት ዓመት ገብቼ ስወጣ ፊታቸውን ያዞሩብኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

«ለስንቱ ሰው አወራሁ» አሉ ቀስ ብለው። ኩባያው ውስጥ አዲሷ ጎልማሳ አሮጌ ቆዳዋን እንጨቱ ላይ ትታ መረቡን ትመታለች።

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አሉ በመጨረሻ።

«ስድስት» አልኩ።

ረቂቁን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። «የቱ ጋ ነው ያለሁት?»

«እኔ አደርገዋለሁ እትዬ...»

«የቱ ጋ ነው አልኩ።»

ገጹን ነገርኳቸው። መቶ አርባ ሁለት። አገኙት፣ መስመሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ ባላቸው እንዲሰሙ መሰለኝ፣ ከዚያ በስማቸው ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር አሰመሩ። «ሌላስ?» አሉ። መቶ አርባ ሦስት፣ ከሥዕሉ ሥር። አነበቡ፣ ሰረዙ። መግቢያው ላይ። ማውጫው ላይ። እኔ ገጽ እጠራለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ፣ ይሰርዛሉ። ዳኛው በእያንዳንዱ መስመር የእስክሪብቶውን ጫፍ ድምፅ ሲሰሙ ትከሻቸው ይወርዳል። እኔ የማውቃቸው ስድስት ቦታዎች ነበሩ፤ ስድስቱም አለቁ።

እትዬ ግን አላመኑኝም፤ ለምን ያምኑኛል? ምላሳቸው ላይ ጣታቸውን እያረጠቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው መገልበጥ ያዙ። አምስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። ባዶ ገጽ ነው፣ መሀሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለበት። እኔ ለእርማት ብዙ ጊዜ ስላለፍኩበት ረስቼው ነበር።

«እዚህም አለ» አሉና እንደ ሌሎቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ለባለቤቴ፣ ለ...» ስማቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነክቷል።

ዳኛው ጠረጴዛውን በእጃቸው እየዳበሱ መጡ። የሻይ ብርጭቆ ገፉ፣ የኩባያውን ጠርዝ ነኩ፣ ረቂቁን አገኙና ሙሉ መዳፋቸውን ገጹ ላይ ዘረጉት፤ ጣታቸው ቀይ ቀለም ነካው።

«እሱን ተዪው» አሉ። «እቺኛዋ አለች።»